«በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ» የሚለውን ወረቀት አትፈርሚ

ጥያቄ፦ «ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በኦፕሬተርነት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ የመጣው የምርት ሥራ አስኪያጅ ማታ ማታ በቴሌግራም ይጽፍልኛል፤ አብሬው እንድወጣ ይጠይቀኛል። እምቢ ስለው ‹እንግዲያው የሱፐርቫይዘርነቱን ነገር እርሺው› አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ወገቤን ያዘኝ፤ ገፍትሬው ወጣሁ። የመጨረሻውን መልእክት የላከው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ሁለት ጊዜ በቃል ተናገርኩ። መጀመሪያ ‹ምስክር አለሽ?› አሉኝ፤ ቀጥሎ ‹ለድርጅቱ ስም አስቢ፣ ተነጋግራችሁ ፍቱት› አሉኝ። ወዲያው ሌሊት ሺፍት ተመደብኩ። አሁን ‹በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ› የሚል የተተየበ ደብዳቤ አምጥተው ‹ፈርሚና የሥራ ልምድሽን ከአንድ ወር ደመወዝ ጋር ውሰጂ› ይሉኛል። የአጎቴ ልጅ ‹ምን አስጨነቀሽ፣ ዝም ብለሽ ቅሪ› ትለኛለች። ምስክር የለኝም። ፈርሜ ልገላገል ወይስ ፖሊስ ጋ ልሂድ?»

መልስ፦ አትፈርሚ። ከሥራም አትቅሪ። ፖሊስ ጋ መሄድ ትችያለሽ፤ ነገር ግን የፖሊሱ ጉዳይና የሥራ ክርክሩ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን መጠበቅም አያስፈልግም።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ አሁን አስቸኳዩ እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ የሚለቅበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ያለ ምንም የተለየ ምክንያት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ አለ። ኤችአር ያመጣልሽ ወረቀት ወደዚህ የሚወስድ ነው። በዚህ መንገድ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው፤ አንቺ ሦስት ዓመት ነው ያለሽ፣ ስለዚህ ዜሮ። ሌላው መንገድ በአንቀጽ 32 የተቀመጠው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከፈጸመብሽ፣ ምክንያቱንና የምትለቂበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቀሽ በዚያው ቀን መውጣት ትችያለሽ። ያን ጊዜ የስንብት ክፍያም ካሳም ይገባሻል።

ልዩነቱን በብር እንየው። የቀን ደመወዝሽ 200 ብር ነው እንበል። በትንኮሳ ምክንያት ለቀቀ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳ የቀን ደመወዙ 90 እጥፍ ነው፤ 18,000 ብር። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ለሦስት ዓመት የ50 ቀን፣ ማለትም 10,000 ብር። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ይታከልበታል። ድርጅቱ «አንድ ወር እንስጥሽ» ሲል በዚህ ስሌት ወደ 5,200 ብር (የ26 የሥራ ቀን) አቅርቦ 28,000 ብር የሚያወጣ ክርክር እየገዛ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃው ደግሞ ከነጭራሹ መደራደሪያ ሊሆን አይገባውም፤ ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ሲጠይቅ አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጨዋነት አስመስለው የሚሰጡሽ የራስሽን ነው።

የአጎትሽ ልጅ ምክር ከወረቀቱም የከፋ ነው። ከሥራ ስትቀሪ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየሰጡ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ቀን ከሞላ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የእሱ ትንኮሳ ሳይሆን የአንቺ መቅረት ነው። ለመዘግየትም እንደዚያው፤ በስድስት ወር ስምንት ጊዜ። ሌሊት ሺፍት የተመደበ ሰው ሰርቪስ ካመለጠው በቱሉ ዲምቱ መንገድ ምን እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ፤ እነሱም ያውቁታል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት የመግቢያና የመውጫ ፊርማሽ እንዳይጓደል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በአንቀጽ 32 የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንስቶ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። ሦስት ወርም፣ አንድ ዓመትም አይደለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ በሳምንት ስድስት የሥራ ቀን ነው የሚቆጠረው። የመጨረሻው መልእክት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከደረሰሽ፣ በመካከል በዓል ከሌለ፣ አሥራ አምስተኛው ቀን የሚውለው በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ነው። አቆጣጠሩ ላይ የድርጅቱ ጠበቃ አንድ ቀን ሊከራከርብሽ ስለሚችል ከረቡዕ አታሳልፊው። «ትንኮሳው እኮ አልቆመም፣ ሺፍቱም የሱ ቅጣት ነው» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም ለደንበኛዬ እከራከረዋለሁ። ነገር ግን ጊዜ አልፎበት የሚነሳ ክርክርን ሆን ብሎ መምረጥ አይገባም። የመጋዘኑ ድርጊት ብቻውን ሲታይ 15 ቀኑ አልፎበት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የማክሰኞው መልእክት የዚያ ተከታይ መሆኑን ለማሳየት በደብዳቤሽ ላይ መግባት አለበት።

ሁለተኛው መሰናክል «የሥራ መሪ» የሚለው ቃል ነው፤ ፋብሪካዎች መልሳቸውን የሚሠሩት በሱ ላይ ነው። ሕጉ 90 ቀኑን ካሳ የሰጠው ትንኮሳው በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ሲፈጸም ነው። የሥራ መሪ ማለት ደግሞ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የመመደብ፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም በዲሲፕሊን የመቅጣትና የመሳሰለው የአስተዳደር ሥልጣን በሕግ ወይም በአሠሪው የተሰጠው ሰው ነው። በጋውን ቀለም ወይም በባጅ አይለይም። ተራ የላይን ሱፐርቫይዘር በአብዛኛው የሥራ መሪ አይባልም፤ የምርት ሥራ አስኪያጅ ግን እንደ ሥልጣኑ ይባላል። ስለዚህ የሺፍት ምደባሽን ማን እንደፈረመ እዪ። የሱ ፊርማ ያለበት የምደባ ማስታወቂያ፣ የእረፍት ፈቃድ ፎርም፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በእጅሽ ካለ ወይም ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ፎቶ አንሺው። «በእኔ እጅ ነው ያለሽው» እያለ የሚዝት አለቃ ችሎት ፊት «እኔ እኮ ምንም ሥልጣን የለኝም» ሲል መስማት የተለመደ ነው፤ መልሱ ያ ፎቶ ነው።

ተንኳሹ እኩያሽ የሆነ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር። ባልደረባን መተንኮስም በአዋጁ የተከለከለ ነውና ድርጅቱ አጥፊውን ማሰናበት ይችላል። ነገሩ ሲነገረው ዝም ያለ አሠሪን ለሠራተኛው ያለበትን መሠረታዊ ግዴታ በተደጋጋሚ አልተወጣም ብሎ መልቀቅ ይቻላል፤ ካሳው ግን 30 ቀን እንጂ 90 አይደለም። የወሲብ ጥያቄ የሌለበት ስድብ፣ ማዋረድ፣ በሠራተኛ ፊት መጮህም ሰብአዊ ክብርን መንካት ተብሎ በዚያው በ30 ቀኑ መስመር ይሄዳል። ይህን የምለው ይህንን የሚያነቡ ሌሎች የራሳቸውን ጉዳይ ከአንቺ ጋር እንዳያምታቱ ነው።

«ምስክር የለኝም» ያልሽው ትክክል አይደለም። ትንኮሳ ሰው ፊት አይፈጸምም፤ ይህን ዳኛም ያውቃል። የሥራ ክርክር የወንጀል ክስ ስላልሆነ ያለ ጥርጥር ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ የማን ታሪክ ወደ እውነት ይቀርባል ነው ነገሩ። አንቺ ዘንድ የቴሌግራም መልእክት አለ፣ እምቢ ያልሽበት ቀን አለ፣ ለኤችአር የተናገርሽበት ቀን አለ፣ ወዲያው የተቀየረ ሺፍት አለ። እነዚህ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ከአንድ የሚንተባተብ ምስክር ይሻላሉ። ይሁንና ዛሬውኑ የሚሠራ ሥራ አለ፤ በቴሌግራም ላኪው የጻፈውን ከራሱም ከአንቺም ስልክ ላይ በፈለገ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። ስክሪንሹት ስታነሺ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ ወይም መለያው፣ ቀንና ሰዓቱ አብሮ ይታይ። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ያንቺን ስልክ እንዳለ፣ ወደ ላይ እየጠቀለልሽ፣ በቪዲዮ አስቀርጪው፤ «ቆርጣ የቀጠለችው ነው» ለሚል ክርክር በር እንዳይኖር። የአንቺንም መልሶች እንዳታጠፊ። በትህትና ወይም በፍርሃት «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ብለሽ የመለስሽበት ቦታ ካለ ተይው፤ አለቃዋን የፈራች ሴት እንደዚህ እንደምትመልስ ማስረዳት ይቻላል፣ ተቆርጦ የተገኘ ጽሑፍን ማስረዳት ግን ይከብዳል። በድብቅ ድምፅ መቅዳትን በተመለከተ ብዙዎች ይጠይቁኛል፤ ክስሽን በሱ ላይ እንድትመሠርቺ አልመክርም፣ ተቀባይነቱ ራሱ ሌላ ጭቅጭቅ ይሆናል። የድርጅቱን ፋይል ሰርቆ ማውጣትም እንዲሁ። የሺፍት ሰሌዳውንና የመጋዘን በር ካሜራውን ድርጅቱ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤት እንዲያዝልሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ካሜራው ቶሎ በላዩ ላይ ስለሚቀዳ ምስሉ ተጠብቆ ይቆይ ብለሽ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

በቃል ለኤችአር የተናገርሽው፣ ቢያሳዝንም፣ ወረቀት ላይ የለም። ከኤችአር በላይ ላለው ዋና ሥራ አስኪያጅ አንድ ገጽ አቤቱታ ጻፊ። ስሜትሽን ሳይሆን ድርጊቱን ጻፊ፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፣ በዚህ ቀን መጋዘን ውስጥ ወገቤን ያዘኝ፣ በዚህና በዚህ ቀን ለኤችአር አሳውቄ ይህ መልስ ተሰጠኝ፣ በዚህ ቀን ሺፍቴ ተቀየረ። እንዲደረግልሽ የምትፈልጊውን ለይተሽ አስቀምጪ፤ ከሱ ሥር እንድወጣ፣ ወደ ቀድሞ ሺፍቴ እንድመለስ፣ ጉዳዩ እንዲጣራ። በሁለት ኮፒ አትሚና አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተሽ በሌላው ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አስደርጊ። «አንቀበልም» ካሉሽ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኪና ደረሰኙን ያዢ። ፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ አንድ ኮፒ ለማኅበሩ ይግባ፤ የኅብረት ስምምነቱ የቅሬታ ሥነ ሥርዓት ካለው እዚያ ውስጥ ኤችአር ሊዘላቸው የማይችል ቀነ ገደቦች አሉ። ማኅበር ከሌለ አሥር ሠራተኛ ተሰብስቦ ማቋቋም እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለአንቺ ጉዳይ ግን ጊዜ የለውም።

አቤቱታ በማቅረብሽ ቢያባርሩሽስ? ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ መሳተፉ ሥራ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ደንግጓል። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ከፈለገ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ካልፈለገ ካሳ ይከፈለዋል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ግን በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሺፍት መቀየር ከመባረር ይለያል። አሠሪ ሺፍት የመመደብ ሥልጣን ስላለው ለብቻው ሕገ ወጥ ነው ማለት ይከብዳል። እርጉዝ ከሆንሽ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠሩሽ አይችሉም፤ የሐኪም ወረቀት አስገቢ።

በከተማው ዳር የሚሠሩ ሰዎች ጊዜያቸውን የሚጨርሱት «የት ልክሰስ» በሚለው ነው። ከአደባባዩ ወዲያ ያሉ ፋብሪካዎች ከፊሉ በአዲስ አበባ አስተዳደር አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከፊሉ በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንኳ ሊለያይ ይችላል። ፋብሪካው አዲስ አበባ ከሆነ ክስሽ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሸገር ከሆነ ለክልሉ ፍርድ ቤት ነው፤ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱን በዚያ ቋንቋ የሚያዘጋጅልሽ ሰው ያስፈልግሻል። የምትኖሪበት ቤት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መሆኑ አይወስነውም። የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ አድራሻ ወይም ግብር የሚከፍልበትን ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፤ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ በአንድ ቃል ይመልስልሻል። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ያዛል፤ በተግባር ግን ቀጠሮ ይረዝማልና የቤት ኪራይሽን በካሳው ላይ ተማምነሽ አታስቢ።

ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ማመልከት ትችያለሽ። የሥራ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ገብቶ የመጠየቅ፣ መዝገብ የማየትና ጉድለት እንዲታረም የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ የተቆጣጣሪ መኪና ግቢ ሲገባ የሚነቃ ሥራ አስኪያጅም አለ። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ካሳ አይወስንልሽም፤ እዚያ ማመልከትሽም 15 ቀኑን ያቆምልኛል ብለሽ አትመኚ። «እስኪጣራ ጠብቂ» ተብለው ሲጠብቁ መብታቸው የተቃጠለባቸው ብዙ ናቸው።

ወደ ፖሊሱ እንምጣ። በቃልና በመልእክት ብቻ የተደረገ ልመና በወንጀል ሕጉ ጠባብ ቦታ ነው ያለው። ዛቻ ካለበት ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ በኃይል ገላን መንካት፣ እንዲሁም የአለቅነት ሥልጣንን ተጠቅሞ ሴትን ለወሲባዊ ድርጊት ማስገደድ ያስቀጣሉ። የመጋዘኑን ድርጊት ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የምርመራ ክፍል አመልክቺ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ተበዳዩ ካወቀ ጀምሮ ሦስት ወር ስለሆነ ገደባቸው አትቆዪ። ፖሊስ ማስረጃ አልበቃም ብሎ መዝገቡን ቢዘጋው የሥራ ክርክርሽ በዚያ ምክንያት አይወድቅም፤ የማስረጃው ሚዛን የተለያየ ነው። ከዚህ የባሰ ነገር፣ አስገድዶ መድፈር ወይም ሙከራው፣ የደረሰባት እህት ይህን ካነበበች ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ገላን ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምርመራውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ።

ንዴት ሲመጣ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ፎቶውን ከስሙ ጋር መለጠፍ ያምራል። እስካሁን ንጹሕ የሆነ እጅሽን ለስም ማጥፋት ክስ አትስጪ። ለሁለት ለምታምኛቸው ባልደረቦች ግን ዛሬውኑ ንገሪ፤ ሳምንት ሳይሞላ የሰሙ ሰዎች ድርጊቱን ባያዩም «በዚህ ቀን እያለቀሰች ነገረችን» ብለው መመስከር ይችላሉ። ከአንቺ በፊት ከዚሁ ክፍል ሳይታሰብ የለቀቁ ሴቶች ካሉም ደውዪላቸው፤ ፋብሪካው ውስጥ የሌለ ሰው የሚፈራው ነገር ያንሳል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ዛሬ መልእክቶቹን አስቀምጪ። ነገ አቤቱታውን ለዋና ሥራ አስኪያጁ አስገቢ፤ መልስ እንዲሰጡሽ ሦስት የሥራ ቀን ስጪ፣ ከዚያ በላይ ቀን የለሽም። በእነዚያ ቀናት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋ ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ጋ ሄደሽ ወረቀቶችሽን አሳዪ፤ ገንዘብ አይጠይቁም። እሱን ካነሱልሽና ሺፍትሽን ከመለሱ፣ ሥራውንም ከፈለግሽው፣ ቆዪ፤ የተሰጠሽን መልስ በጽሑፍ ይዘሽ። ካላደረጉ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ድረስ እንዲህ የሚል ደብዳቤ በራስሽ እጅ ጽፈሽ፣ አስገብተሽ፣ በኮፒው ላይ አስፈርመሽ ውጪ፦ «በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 ንዑስ አንቀጽ 1(ለ) መሠረት፣ የምርት ሥራ አስኪያጁ በፈጸመብኝ ወሲባዊ ትንኮሳ ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ውሌን ያለ ማስጠንቀቂያ አቋርጫለሁ።» በዚህ ደብዳቤ ላይ «በራሴ ፈቃድ» የሚል ቃል እንዳይገባ፣ «ለተደረገልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» የሚለውም ቢሆን።

ከወጣሽ በኋላ ድርጅቱ የሚገባሽን ሁሉ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ሲከፍሉሽ «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው የለም» የሚል የክሊራንስ ፎርም ያስፈርሙሻል። መታወቂያና መቀስ መመለስሽን የሚገልጸውን ክፍል ፈርሚ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ግን ሰርዘሽ «የካሳና የስንብት ክፍያ መብቴ እንደተጠበቀ» ብለሽ ከጎኑ ጻፊበት። ካልከፈሉ የእነዚህ ክፍያዎች ክስ በስድስት ወር ይቃጠላል።